የአካል ጉዳት አበል ይግባኝና የዳኝነት ክፍያ፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ

የአካል ጉዳት አበል እንዲከፈለው አመልክቶ የተከለከለ ታማሚ፣ የክልከላውን ደብዳቤ ይዞ በመጀመሪያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ወደ ጠበቃ ሳይሆን ወደሚታከምበት ክሊኒክ ነው። ደብዳቤው ስለ ሕመሙ የሚናገር ይመስለዋል፤ ሕመሙን ደግሞ ከሐኪሙና ከነርሷ የተሻለ የሚያውቅለት የለም። በአሜሪካ፣ በተለይም በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሲያትል የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ የጤና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ወረቀት እንዲያነቡ፣ እንዲተረጉሙ ወይም “መልስ እንዲጽፉበት” ቢጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንደኛው ግን ከሌሎቹ ይለያል። ይኸውም የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የይግባኝ ምክር ቤት የሚልከው የመጨረሻው ማስታወቂያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ክስ ለመክፈት 405 ዶላር ይጠይቃል። ሥራ መሥራት አልችልም ብሎ ለሚከራከር፣ ምናልባትም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ደመወዝ ላላየ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሕጉ መክፈል ለማይችል ሰው መንገድ አበጅቷል። መንገዱ አጭር ቢሆንም የጊዜ ገደቡ ጥብቅ ነው፤ በቅንነት የሚሰጥ የሐኪም ምክር ጭምር ታማሚውን ከዚህ መንገድ ሊያስወጣው ይችላል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ

በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የሚከፍለው የአካል ጉዳት አበል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠራተኛው ከደመወዙ ሲያዋጣ በቆየው መዋጮ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሁለተኛው መዋጮን ሳይሆን ችግረኛነትን መሠረት ያደርጋል። ለአዋቂ ሰው በሁለቱም ዘንድ የሚሠራው መመዘኛ ተመሳሳይ ነው፤ ቢያንስ ለ12 ወራት የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ፣ ከተጨባጭ የገቢ ሥራ የሚያግድ የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም መኖር አለበት።

ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን በቅድሚያ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል። ከዚያ የአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ቀርቦ መሰማት፣ ቀጥሎም ለይግባኝ ምክር ቤቱ ማመልከት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ለአቤቱታው የሚጠይቀው ክፍያ የለም። ገንዘብ የሚጠየቀው ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ታማሚው በሚኖርበት አካባቢ ወዳለው የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሲሻገር ነው። ከ405 ዶላሩ 350ው በሕግ የተወሰነ የክስ መክፈቻ ሲሆን፣ 55ቱ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ የሚጠየቅ የአስተዳደር ክፍያ ነው።

ክፍያውን ሳያስቀድሙ መክሰስ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣ ነው። ታማሚው በሚያገኛቸው ቅጾች ላይ “ኢን ፎርማ ፓውፔሪስ” የሚል የላቲን ሐረግ ወይም “አይ ኤፍ ፒ” የሚል አኅጽሮት ይታያል። ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ፣ የዳኝነት ክፍያውን በሙሉም ሆነ በከፊል ለመክፈል በቂ ሀብት የሌለው ሰው ክስ የሚመሠርትበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ በተለምዶ “በደሃ ደንብ መክሰስ” የሚባለው ይኸው ነው። ለታማሚው በዚህ ቃል ማስረዳት የላቲኑን ሐረግ ከመተርጎም ይቀላል። ሆኖም “ደሃ” የሚለው ቃል የሚያሸማቅቀው ታማሚ ይኖራል። እንዲህ ላለው ሰው “ከዳኝነት ክፍያ ነፃ መሆን” ማለት ይበቃል፤ ክብሩ ስለተነካ ቅጹን ሳይሞላ የሚቀር ሰው ሊኖር እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ስድሳው ቀን

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ዕድሜያቸው 52 የሆነ፣ ለረጅም ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሠሩ ሰው የስኳር ሕመም አለባቸው እንበል። የእግራቸው ነርቭ ተጎድቷል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። የይግባኝ ምክር ቤቱ ማስታወቂያ የተጻፈው መጋቢት 3 ቀን ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ደብዳቤው በጻፉት ቀን እጅ ስለማይገባ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሕጉ ለፖስታ አምስት ቀን ያስባል። ስለዚህ የደረሳቸው መጋቢት 8 ነው ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ስድሳ ቀን ሲቆጠር ክሱ ፍርድ ቤት መግባት ያለበት እስከ ግንቦት 7 ነው። ቆጠራው ቅዳሜና እሑድን ይጨምራል፤ የመጨረሻው ቀን ራሱ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የበዓል ቀን ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል።

እኚህ ሰው ደብዳቤውን ይዘው ክሊኒክ የመጡት ሚያዝያ 20 ነው፤ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷቸዋል። ሐኪሙ ማኅደራቸውን ይመለከታል፤ የነርቭ ምርመራ ለግንቦት 12 ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። “ውጤቱ ይምጣና ጠንካራ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ፤ ከዚያ ይከሳሉ” ይላቸዋል። ከሕክምና አንጻር ይህ ፍጹም ተገቢ ምክር ይመስላል፤ ውሳኔ ከማስረጃ በኋላ እንዲመጣ ሐኪም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመደው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ምክሩ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ግልጽ ነው፤ ግንቦት 12 ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ሁለተኛው ግን በጤና ባለሙያዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። የፌዴራል ዳኛው ታማሚው ዛሬ ታሟል ወይስ አልታመመም ብሎ አይመረምርም። የሚመረምረው መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ሲሰጥ በፊቱ የነበረውን መዝገብ ነው። ያ ውሳኔ በበቂ ማስረጃ የተደገፈ ነበር ወይ? የሕግ ስሕተትስ ተፈጽሟል ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። አዲስ ማስረጃ ጉዳዩን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊያስመልስ የሚችለው ማስረጃው በእርግጥ አዲስ፣ ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችልና አስቀድሞ ያልቀረበበትም በቂ ምክንያት ያለው ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በምሳሌው የተጠቀሰው የነርቭ ምርመራ ለክሱ መጀመር አስፈላጊ አልነበረም። ጉዳዩ ተመልሶ እንደገና እንዲሰማ ከታዘዘ ግን ይጠቅማል፤ እስከዚያው በማኅደሩ ውስጥ በሥርዓት ተሰንዶ ይቆይ።

ታማሚው “ካልሆነ እንደገና አመለክታለሁ” ሊል ይችላል። አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል፤ ይግባኙን ግን አይተካም። በመዋጮ ላይ የተመሠረተው አበል የሚሰጠው በቅርብ ዓመታት በቂ መዋጮ ለከፈለ ሰው ነው፤ ለአብዛኛው አዋቂ መለኪያው ካለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የአምስት ዓመት ያህል ሥራ ነው። ሥራ ካቆመ ቆየት ያለ ሰው ይህ ዋስትናው ጨርሶ ሊያበቃበት ይችላል። ያ ከሆነ በኋላ የሚጀምር ሕመም፣ የቱንም ያህል የከፋ ቢሆን፣ በዚህ በኩል አበል አያስገኝም። የቀድሞው ማመልከቻ ሲዘጋ ያለፉት ወራት ክፍያ አብሮ ሊቀር ይችላል። ለሕክምናው ዓለም ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ይህን አበል የማግኘት መብቱ 24 ወር የሞላው ሰው ዕድሜው 65 ባይደርስም ሜዲኬር የሚባለውን የጤና መድን ያገኛል። የኢንሱሊኑና የዓይን ሕክምናው ወጪ በማን እንደሚሸፈን የሚወስነው አንዳንድ ጊዜ ይህ የስድሳ ቀን ጉዳይ ነው።

ክሱና የክፍያ ነፃነት ጥያቄው አብረው ይገባሉ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቆ፣ መልስ ጠብቆ፣ ከዚያ ክስ ማቅረብ አያስፈልግም፤ ያ አካሄድ ቀኑን ያባክናል። ፍርድ ቤቶች በአጠቃላይ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድነት ለሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት የደረሱበትን ቀን ክሱ የቀረበበት ቀን አድርገው ይቆጥራሉ፤ ዳኛው በክፍያው ላይ የሚወስነው ከሳምንታት በኋላ ቢሆንም። ወሳኙ ግን “የደረሱበት” የሚለው ቃል ነው። በመጨረሻው ቀን ፖስታ ቤት ማስገባት ፍርድ ቤት እንደ ማስገባት አይቆጠርም።

የክሱ ወረቀት ራሱ ሰዎች እንደሚፈሩት ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉት የሶሻል ሴኩሪቲ ክሶች ልዩ ደንቦች የከሳሹን ስምና የሚኖርበትን ካውንቲ፣ የሚቃወመውን ውሳኔ መለያ፣ የተጠየቀውን የአበል ዓይነትና የማን የደመወዝ መዝገብ እንደሆነ መግለጽን ይጠይቃሉ፤ ውሳኔው ለምን ስሕተት እንደሆነ በአጭሩ መግለጽም ይቻላል። ለመሥሪያ ቤቱ መጥሪያ የማድረስ ሥራ ቀደም ሲል የከሳሹ ነበር። በእነዚህ ደንቦች መሠረት ፍርድ ቤቱ ራሱ በኤሌክትሮኒክስ ያሳውቃል፤ በዚህም ለድሃ ከሳሽ አንድ ወጪና አንድ ጭንቀት ቀርቶለታል።

በቅጹ ላይ የሚጻፈው

የክፍያ ነፃነት ማመልከቻው ስለ ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ የቃለ መሐላ ወረቀት ነው። በብዙ ፍርድ ቤቶች ኤ ኦ 240 የሚባለው አጭር ቅጽ ወይም ኤ ኦ 239 የሚባለው ረጅሙ ያገለግላል፤ የራሳቸውን ቅጽ የሚጠቀሙም አሉ። ገቢን፣ በባንክና በእጅ ያለን ገንዘብ፣ ንብረትን፣ ዕዳን፣ የሚተዳደሩ የቤተሰብ አባላትንና የወር ወጪን ይጠይቃል፤ ረጅሙ ቅጽ የትዳር ጓደኛን ገቢም ይጨምራል። የሚፈረመው በሐሰት ቢገኝ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ በማረጋገጥ ነው።

ምን ያህል ድህነት ይበቃል? ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 አድኪንስ በተባለው ጉዳይ፣ አመልካቹ ፈጽሞ ባዶ እጁን መቅረት እንደሌለበት፣ ክፍያውን ከፍሎ ለራሱና ለሚያስተዳድራቸው ሰዎች አስፈላጊ የሆነውን ማሟላት የማይችል መሆኑ እንደሚበቃ ወስኗል። ብዙ ዳኞች የመንግሥትን የድህነት መስመር ለማነጻጸሪያ ያህል ይመለከታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ይህ መስመር ለአንድ ሰው በዓመት 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ገቢ ያለው ሁሉ ይከለከላል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በታች የሆነም በባንክ ብዙ ገንዘብ ካለው ሊከለከል ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪ ታማሚዎች የሚቸገሩባቸው የተለዩ ነጥቦች አሉ። አንደኛው ዕቁብ ነው። ባለፈው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው በባንክ ደብተሩ ላይ ስምንት ሺሕ ዶላር ይታያል፤ ለዳኛው ይህ ቁጠባ ይመስላል። በእውነቱ ግን አብዛኛው ገና በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ገንዘቡን መደበቅ አይገባም። ገንዘቡ በገንዘብነቱ፣ ቀሪው መዋጮ በዕዳነቱ ይጻፋል፤ ዕቁብ ምን እንደሆነም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይብራራል። ሁለተኛው በአገር ቤት ያለ ንብረት ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ንብረትን እንጂ አሜሪካ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ቤት ወይም በወንድም ስም ሆኖ በጋራ የተገዛ ቦታ “እዚህ ስለሌለ አይቆጠርም” ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ቤቱ በቤተሰብ የተያዘ፣ ገቢ የማያስገኝና ሊሸጥ የማይችል ከሆነ ያው ይጻፋል። ሦስተኛው ዘመድ የሚከፍለው የቤት ኪራይ ነው። ይህ እርዳታ የታማሚውን ችግር የሚያሳይ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ዘመዱን “ማስጠየቅ” መስሎት ይሸሽገዋል። በዚህ ምክንያት ገቢው ዜሮ፣ ኪራዩ ግን በየወሩ የተከፈለ ሆኖ የሚታይ ቅጽ ይቀርባል፤ ዳኛውም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። ለእናት ለአባት በየወሩ የሚላክ ገንዘብም እንዲሁ በእውነቱ ልክ ይጻፍ።

ድህነቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ክሱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ቅጹን የሚያስረዳ ዘመድ “ይህን ተወው፣ አይጠቅምህም” ሲል የሚሰማ የጤና ባለሙያ ዝም ማለት የለበትም።

የሐኪሙ ወረቀት የት ይገባል

ሐኪሙ ሊረዳ ሲፈልግ የሚመጣለት የተለመደው የሕክምና ማስረጃ ነው፤ የበሽታው ስም፣ የምርመራ ውጤት፣ “ሥራ መሥራት አይችልም” የሚል መደምደሚያ። በክፍያ ነፃነት ማመልከቻ ላይ ይህ ቦታ የለውም። ዳኛው በዚህ ደረጃ የሚጠይቀው ሰውየው መታመሙን ሳይሆን 405 ዶላር ማጣቱን ነው። ከዚህም በላይ የፍርድ ቤት መዝገብ በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳዮች ከሩቅ በኮምፒዩተር የመመልከት መብት የተገደበ ቢሆንም፣ ሳያስፈልግ የተያያዘ የአእምሮ ሕክምና ወይም የኤችአይቪ ማስረጃ ታማሚውን ለማያውቀው ዓይን ያጋልጠዋል። የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ቁጥሮችም ቢሆኑ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ብቻ ይጻፋሉ፤ የልጆች ስም በመጀመሪያ ፊደላት ይተካል።

ክሊኒኩ ሊሰጥ የሚችለውና በእጅጉ የሚጠቅመው ማስረጃ ሌላ ነው፤ የሕክምና ወጪ። ታማሚው ለመድኃኒት፣ ለስኳር መለኪያ፣ ለሐኪም ጉብኝት ከኪሱ በወር ምን ያህል ያወጣል? ያልተከፈለ የሆስፒታል ዕዳ አለበት? ታማሚው ይህን በቃሉ አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜም አሳንሶ ይናገራል። የሒሳብ ክፍሉና መድኃኒት ቤቱ ግን በአንድ ቀን አትመው ሊሰጡ ይችላሉ። ወረቀቱ ለታማሚው በራሱ እጅ ይሰጥ፤ ለጠበቃ ወይም ለሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ የታማሚው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቅጹን የሚፈርመው ታማሚው ነው። ዓይኑ ለደከመ ወይም እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው እያንዳንዱ ጥያቄ በሚገባው ቋንቋ ሊነበብለት ይገባል፤ ሥራውንም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ መተው አይገባም። ስለ እናቱ ዕዳ እናቱን የሚጠይቅ ልጅ እውነተኛውን መልስ ላያገኝ ይችላል። ቀኑን መቁጠር፣ ቅጹ የት እንደሚገኝ መጠቆም፣ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅት በዚያው ዕለት ስልክ መደወል ከጤና ባለሙያ የሚጠበቅ ነው። ውሳኔው በሕግ ረገድ ለምን እንደተሳሳተ መከራከር ግን የጠበቃ ሥራ ነው። ጠበቃ ማግኘት ደግሞ ታማሚዎች እንደሚገምቱት ሁልጊዜ ቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በእነዚህ ጉዳዮች የጠበቃው ክፍያ በአብዛኛው ከሚረታው ያለፈ ጊዜ አበል ላይ የሚታሰብ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ለፍርድ ቤት ሥራው የሚፈቅደው ከ25 በመቶ አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ

ጥያቄው ከተፈቀደ 350ውም 55ቱም ሳይከፈሉ ክሱ ይቀጥላል። መፈቀዱ ግን ነፃ ጠበቃ አያስገኝም፤ ክሱ ያሸንፋል ማለትም አይደለም፤ መሠረተ ቢስ ሆኖ የተገኘን ክስ ፍርድ ቤቱ ገና ከጅምሩ ሊዘጋው ይችላል። ከተከለከለ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው የሚፈጸምበትን ቀን ይወስናል። ያ ቀን እንደ ሁለተኛ የጊዜ ገደብ ይቆጠር፤ ካለፈ ክሱ ይዘጋል። ቅጹ ስላልተሟላ ብቻ የተከለከለ ሰው የጎደለውን አሟልቶ እንደገና እንዲታይለት ቶሎ ማመልከት ይችላል።

ስድሳው ቀን ካለፈ በኋላ ለሚመጣ ታማሚም የሚቀር ነገር አለ። ለይግባኝ ምክር ቤቱ በጽሑፍ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፤ በቂ ምክንያት መኖሩን ለመወሰን መሥሪያ ቤቱ ከባድ ሕመምን፣ የአእምሮ ችግርንና የእንግሊዝኛ ቋንቋ አለመቻልን ጭምር ከግምት ያስገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1986 የኒው ዮርክ ከተማ ተከራካሪ በነበረችበትና የአእምሮ ሕሙማንን በሚመለከት ጉዳይ፣ ይህ የጊዜ ገደብ በልዩ ሁኔታ ሊራዘም እንደሚችል ወስኗል። የሐኪሙ ማስረጃ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። “በሕመም ላይ ነበር” የሚል ጥቅል አነጋገር አይበቃም፤ ከስንት እስከ ስንት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር፣ በእነዚያ ሳምንታት ደብዳቤ አንብቦ መረዳትና መወሰን ይችል እንደነበር፣ ይህም በየትኛው ቀን በማኅደሩ ላይ እንደሰፈረ ተለይቶ ይጻፋል። የአእምሮ ሁኔታ ምርመራን በየጉብኝቱ በቀን የሚመዘግብ ክሊኒክ ይህን ማስረጃ በቀላሉ ይጽፋል፤ “እንደ ቀድሞው ነው” እያለ ሲያልፍ የቆየ ክሊኒክ ግን የሚጠቅሰው ነገር አያገኝም።

ክሱ በዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ከተረታና ታማሚው ወደ በላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመሄድ ከፈለገ ማስታወቂያውን ለማስገባት ያለው ጊዜ እንደገና 60 ቀን ነው። እዚያ ያለው ክፍያ 605 ዶላር ነው። በታችኛው ፍርድ ቤት ከክፍያ ነፃ ተደርጎ የነበረ ሰው ግን፣ ዳኛው ይግባኙ ከቅን ልቦና የመነጨ አይደለም ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠ ወይም የነፃነት መብቱን በሌላ ምክንያት ካላነሳበት በስተቀር፣ አዲስ ፈቃድ ሳይጠይቅ በዚያው ይቀጥላል።